የማቀዝቀዣው ክፍል በቀብሩ ዕለትም አይዘጋም

ተቋማችን የጁፒተርን የላይኛውን ከባቢ አየር በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉትን አንጋፋ ተመራማሪውን ትናንት ማለዳ በሞት አጥቷል። ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ኃላፊው ሁላችንም «እትዬ ብርዴ» የምንላቸው ባልደረባችን ከመካከላችን በመለየታቸው ሐዘናችን ከባድ ነው።

እትዬ ብርዴ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የተሰጣቸው ክፍል መስኮት የሌለው የቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር። የሚያጠኑት የኢንፍራሬድ ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ግን ያወጣዋል። መሣሪያው ራሱ እጅግ ካልቀዘቀዘ ሩቁን ፕላኔት ትቶ የገዛ ሙቀቱን ይለካል። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚሁ ነው። እጃቸውን እያሻሹ ለሚገቡ ጎብኚዎች «ሙቀታችሁን በር ላይ ተዉት፤ የጁፒተር ይበቃናል» ይሉ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የጁፒተር የላይኛው አየር፣ የፀሐይ ብርሃን ብቻውን ሊያሞቀው ከሚችለው በላይ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ እንደሚሞቅ በተቋሙ መሣሪያ አረጋገጡ። ቀሪ ዘመናቸውን የወሰደው፣ ይህ ትርፍ ሙቀት ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ነው።

በ2004 ዓ.ም. በዋልታዎቹ ላይ ከሚታየው ደማቅ ብርሃን የሚነሳ ሙቀት በነፋስ ወደ ወገቡ እንደሚወርድ የሚጠቁሙ ካርታዎችን አሳተሙ። ባልደረቦቻቸው ደስ ሲላቸው እሳቸው አልረኩም። «የአንድ ሰሞን ልኬት ሐሜት ነው፤ ምስክር የሚሆነው የሙሉ ዙር ልኬት ነው» አሉ።

ጁፒተር ፀሐይን ዞሮ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እትዬ ብርዴ የጀመሩት የሙሉ ዙር ልኬት ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። መሣሪያው አንዴ ከሞቀ የፊቱና የኋላው ልኬት አይነጻጸርም፤ የዓመታቱን ድካም ውሃ ይበላዋል። ሆስፒታል ሳሉም የተናገሩት ይህንኑ ነበር፦ «ለእኔ ብላችሁ ሁላችሁም ወጥታችሁ ማሽኑን እንዳታሞቁብኝ።»

ማቀዝቀዣው አርጅቷል። ፈሳሽ ናይትሮጂን እየሞላ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ቴክኒሻን የሟች ታናሽ ወንድም ናቸው። የእህታቸውን ቃል ለመጠበቅ ሲሉም በቀብሩ ዕለት ከማሽኑ እንደማይለዩ አሳውቀውን ነበር።

ተቋሙ ይህን አልተቀበለም። ወንድም እህቱን ይቀብራል።

ሥራውን የሚያውቁት ሌላ ሰው፣ በወጣትነታቸው በእትዬ ብርዴ እጅ የሠለጠኑት ዋና ዳይሬክተራችን ብቻ ናቸው። በመሆኑም ነገ ሠራተኛው በሙሉ ወደ ቀብሩ ሲሄድ እሳቸው በማቀዝቀዣው ክፍል ይቆያሉ።

ለሟች ልጆች፣ ለወንድማቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ዋና ዳይሬክተሩ በቀብሩ ላይ ባለመገኘታቸው ቤተሰቡ ንቀት እንዳይመስለው በትሕትና እናሳስባለን። ለቅሶ የሚደርሱት ማታ፣ ወንድምየው ሲተኳቸው ነው።