በካሤና በተስፋው መካከል ያለችው መስመር

ለምወድሽ እህቴ ለማንጠግቦሽ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ይዞሻል? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ሻርጃ ድረስ ተከትሎሽ መጣ? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወግ ያህል አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅሽን ስላልሰማሁ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፣ አባታችን ደህና ናቸው፣ ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ዘንድሮ ዝናቡ እስከ መስከረም ስለቆየልን ጤፉም ማሽላውም ፊቱ ያማረ ነው። ካንቺ ኩርፊያ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ለማናችንም ስልክ እንደማታነሺ ባወቅሁ ጊዜ ወረቀት ገዛሁ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የባለሱቋ የሐሊሜ ልጅ ፋኢዛ ናት፤ ለሱቃቸው ጨርቅ ልታመጣ ወደዚያ መሄዷ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ እንዳትነሳ አስምያታለሁ። እሷ ደግሞ ቃሏን የምትበላ አይደለችምና ቀዳደሽ ለመጣል አትድከሚ። ክፉ ወሬ የለበትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሻርጃ ድረስ ሄደሽ የአገርሽን ልጅ፣ የደሃናውን፣ የአምደወርቅ ከተማውን ፋንታሁንን አገኘሽ ብለን ተሳስቀን ሳንጨርስ፣ አባታችን ደውለው «ልጄ፣ ዘመድ ሆናችሁ ተገኝታችኋልና ሐሳብሽን አንሺ» አሉሽ። ዝምድናውን ማን እንዳገኘው ግን አልነገሩሽም። ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ቆጥረው «ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ» ብለው የጨረሱትን ጉዳይ፣ እኔ ታናሽሽ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በኮምፒውተር ቆጥሬ አፈረስኩት። አልቃሻዋ አንቺ፣ አስለቃሿ እኔ።

ነገሩ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ። ሁልጊዜ «ማር ዩኒየን ቢሮ ተቀምጠሽ ከመላስ ሌላ ምን ትሠሪያለሽ» ትዪኝ የለ? እስከ ካቻምና ድረስ ሥራዬ ሠንጠረዥ መሙላት ነበር። ከየቀበሌው የመጣውን ማር በስም፣ በቀን፣ በኪሎ እጽፋለሁ። ከዚያ የንግድ መረጃ የሚተነትን ሥርዓት ገባልን። እኔ የሞላሁትን ሠንጠረዥ ይውጥና ዳሽቦርድ በሚሉት ሰሌዳ ላይ በቀለም በቀለም አድርጎ ያሳያል፤ ሰሃላ በዚህ ወር ይህን ያህል አስገባች፣ ሰቆጣ ዙሪያ ካምናው በዚህን ያህል ቀነሰ እያለ። ሥራ አስኪያጃችን እንግዳ ሲመጣ ከማሩ በፊት የሚያስጎበኘው እሱን ነው። እኔም ወድጄው ነበር፤ አሁንም አልጠላሁትም። በፊት ወር ሙሉ ስደምር የምከርመውን በአንድ ጠቅታ ይሰጠኛል። ግን አምና በኅዳር ውኃ የበዛበት ማር ከሦስት ቀበሌ ሲመጣብን፣ ስንት ኪሎ እንደተበላሸ በሚያምር ቀይ አሳየን እንጂ፣ ለምን እንደተበላሸ ቢያዩት ቢያዩት አይናገርም።

ያኔ ነው የፋኢዛ ታላቅ ወንድም አብዱሰመድ የመጣልን። አዲስ አበባ ተምሮ ይህንኑ የመረጃ ሥራ ይዟል። ሰሌዳችንን አየና «እናንተ የምትጠይቁት ስንት ብላችሁ ነው፤ እስቲ በማን በኩል ብላችሁ ጠይቁ» አለን። ግራፍ ዳታቤዝ የሚባለውን ያሳየን እሱ ነው። ስሙ አያስፈራሽ። ሠንጠረዥ ላይ ሰው በመደዳ ይጻፋል፤ ከላዩና ከታቹ ካለው ሰው ጋር ምን እንዳለው አይታወቅም። ግራፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ቀፎ፣ እያንዳንዱ በርሜል አንድ ክብ ይሆናል። ከክብ ወደ ክብ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩም ስም አለው፤ «ቆረጠ»፣ «ሰበሰበ»፣ «አጓጓዘ» እየተባለ። ከዚያ ብትጠይቂው ካንዱ ክብ ተነስቶ መስመር መስመሩን ይዞ ሌላው ጋ ያደርስሻል። የሦስቱ ቀበሌ ማር በአንድ ሰብሳቢ በርሜል ማለፉን፣ ሰውየውም በርሜሉን አጥቦ ሳያደርቅ እንደሚገለብጥበት በአንድ ከሰዓት አገኘነው። ሰሌዳው ያላየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተጠየቀው ሌላ ስለነበር ነው።

አብዱሰመድ ያን ቀን አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮን ነበር፤ «ክብ ማንም ይሠራል፤ ቁም ነገሩ መስመሩን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ነው» ብሎ። እኔ ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም።

የፋንታሁን ሽማግሌዎች መጥተው ቀን ሲቆርጡ፣ ለሠርግሽ ምን ልስጣት ብዬ አሰብኩ። የሁለታችሁን ዘር በግራፍ ሠርቼ፣ አሳትሜ፣ በመስታወት አስገብቼ ልሰቅልልሽ! ከእናታችን፣ ከፋንታሁን እናት፣ ካገኘሁት ሽማግሌ ሁሉ ስም ለቀምኩ። ሽማግሌ አጥብቆ የሚቆጥረው በአባት በኩል ነው፤ ሌላ አገር የተዳረች ሴት ልጅ ሁለት ትውልድ ካለፈ ትረሳለች። እኔ ሴቶቹንም አስገባኋቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ሆነ። ስጨርስ እንዲያው ለጨዋታ፣ ከማንጠግቦሽ ወደ ፋንታሁን የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አለ አለኝ።

ካንቺ ወደ አባታችን ወደ ትእዛዙ፣ ከእሳቸው ወደ አያታችን ወደ ተስፋው፣ ከዚያ ወደ ቅድመ አያታችን ወደ ካሤ፣ ከዚያ ወደ ካሤ አባት ወደ ብሩ ይወጣል። ከብሩ ደግሞ ደሃና ወደተዳረች ሴት ልጃቸው ተሻግሮ፣ ወርዶ ወርዶ ፋንታሁን ጋ ይደርሳል። በእኛ በኩል አራት፣ በእሱ በኩል አምስት ቤት። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ሦስት ቀን በሆዴ ይዤ ቆየሁ። በመጨረሻ ለእናታችን ነገርኳት፤ የቀረውን ታውቂዋለሽ። ምነው ጣቴን በቆረጠው ያላልኩበት ቀን የለም።

አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉ። እኔን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ትዝ ይልሻል፣ ልጆች ሆነን ዘራችንን ቁጠሩልን ስንላቸው ወይ አጥር ሊያጥሩ ይነሳሉ ወይ ማረሻ መሳል ይጀምራሉ። የባሏን ዘር ያስጠናችን እናታችን ናት። እኔ አባታችን የሚረሱት ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ የፋንታሁን አጎት አቶ ገላዬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። በሽማግሌ የተጀመረ በሽማግሌ ይፈርሳልና፣ ቂም እንዳይኖር ተሳስመው ለመለያየት ነበር። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ጠላው ቀርቦ የሚጠጣው ጠፋ። በመጨረሻ አቶ ገላዬ «እስቲ ከእኛ በላይ ዘር አውቃለሁ የሚለውን ዕቃ አሳይን» አሉኝ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩላቸው። ሦስቱም መነጽር አውጥተው አጎነበሱ። አቶ ገላዬ በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ መስመሩ ሁሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «ወለደ ይላል» አልኳቸው። «ሁሉም?» አሉ። «ሁሉም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ያን ሁሉ መስመር ሳሰምር አንዲቷን ስም እየገለበጥኩ ነበር የለጠፍኩት።

አባታችን ከተቀመጡበት ተነሱ። መጥተው አጠገቤ በርከክ አሉና በካሤና በተስፋው መካከል ያለችውን መስመር በጣታቸው ነኳት። «ይቺን አጥፊያት» አሉኝ። ግራ ገብቶኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። «አባቴን ካሤ አልወለዱትም፤ አሳደጉት እንጂ። አጥፊያት ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ለእናታችን እንኳ ያልነገሯትን ተናገሩ። በአንድ ክፉ ዘመን፣ እህል ከምድር የጠፋ ጊዜ፣ ለተጊዮርጊስ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን አዝላ ከተከዜ ማዶ መጣች። ካሤ ደጅ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ካሤ ከነልጇ አስገቧት፤ ለራሳቸው ልጆች ከማይበቃው ላይ ቀንሰው ለሁለቱም ሰጡ። እሷ ጥቂት ዓመት ኖራ ሞተች፤ ልጁ ቀረ። ያ ልጅ አያታችን ተስፋው ናቸው። መሬት ሲካፈል ማንም «መጤ» እንዳይላቸው፣ ካሤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ልጄ ነው፤ አይደለም ያለ እኔን ይካደኝ» ብለው ልጆቻቸውን አስማሉ። አያታችን ሊሞቱ ሲሉ ለአባታችን ብቻ ነግረዋቸው «በእኔ ይብቃ፤ ካሤን እንዳታስክድብኝ» ብለዋቸው ኖሯል።

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ አባታችን «የአባቴን አደራ በላሁ፤ ግን ልጄ ባልተወለደችበት ዘር ስታለቅስ ዝም ብል ካሤም አይወዱልኝ» አሉ። እኔ እዚያው አለቀስኩ። አባታችንን እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

አቶ ገላዬ ግን አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ወዲያው እሰየው አላሉም። «ካሤስ ወጡ፤ በእሳቸው ቦታ የገባው ማን ነው? ያልታወቀ ዘር ያልተቆጠረ ዘር ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ግራፉም ያልነገርኩትን አያውቅም። አባታችን የሚያውቁት አያታችንን የወለዱት ኪሮስ መባላቸውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። እናታችን ናት «እማሆይ ወለተ ሰንበት በልጅነታቸው የካሤ ጎረቤት አልነበሩምን» ያለችው።

ማክሰኞ ዕለት ሁላችንም ተሰብስበን እማሆይ ዘንድ ሄድን። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው አያይም፤ ልባቸው ግን አልደከመም። ገና ለተጊዮርጊስ ስንላቸው ሳቁ። እህል ስትፈጭ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዘሩ እንዳይጠፋበት የኪሮስን አባቶች በኽምጥኛ ትቆጥርለት ነበር አሉን። ሰፈሩ ውስጥ የነበሩ ልጆች ሁሉ ሰምተው ሰምተው በቃላቸው ይዘውት ኖሯል። እማሆይ «ኪሮስ» ብለው ጀምረው ሽቅብ ሰባቱን ቆጠሩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፉም። እየሰማሁ አስገባሁና መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የለም አለኝ። አቶ ገላዬ ግን ስክሪኑን ሳይሆን እማሆይን ነበር የሚያዩት። ሦስቱ ሽማግሌዎች በየራሳቸው ቆጥረው ከፋንታሁን ወገን ጋር የሚገናኝ አንድም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነው ተነስተው አባታችንን የሳሟቸው። ሠርግሽ ጥር 17 ቀን እሑድ ነው። አሁን ፋኢዛ ፊት አታልቅሺ፣ ታስወራብሻለች።

እናታችን የካሤ የልጅ ልጆች ምን ይሉን ይሆን ብላ ፈርታ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ታላቅየው ማጭዱን ይዞ ማሽላችን ውስጥ ገብቶ ሲያጭድ አገኘነው። ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ምሳ ሲቀርብለት ብቻ «የወንድሜን ማሽላ ወፍ ከሚበላው ብዬ ነው» አለ።

ከእማሆይ ዘንድ ተመልሰን ቤት ስንገባ አባታችን «እንደገና ክፈቺልኝ» ብለውኝ ነበር። መስመሯ ጠፍታ፣ ካሤ ከእኛ ተለይተው ወዲያ ማዶ ቆመዋል። አባታችን ብዙ አዩዋቸው። «እንዲህስ አይሆንም፤ ሌላ መስመር አስምሪ» አሉኝ። ምን ብዬ ልጥራት ብላቸው «አሳደገ በያት፤ ከወለደው ግን እንዳታቀጥኛት» አሉ። እኔ እንዲያውም አወፈርኳት። ለአብዱሰመድ ብነግረው «እኔስ ምን ብዬሽ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። ስጦታሽ አሁን ታትሟል፤ መስታወት ብቻ ቀርቶታል። ይቅር ካልሽኝ ትወስጂዋለሽ፤ ካላልሽኝም እኔው እሰቅለዋለሁ።

እናታችን ግንባርሽን ሳሚልኝ ብላለች፤ የሠርግ ልብስሽን ከወዲያ እንዳትገዢ፣ እዚሁ አሠራለሁ ትላለች። እማሆይ ወለተ ሰንበት በጸሎት አስብሻለሁ ብለዋል፤ ስምሽን ከኪሮስ ጀምረው ነው የሚያነሱት። ሐሊሜ ሰላም ብላሻለች። ለፋንታሁን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስላስጨነቅሁት ይማረኝ፤ ከእንግዲህ አልቆጥርበትም። ፋኢዛን ምሳ ሳታበዪ እንዳትለቂያት።

አባታችን የሚጽፉልሽ ነገር ካለ ብዬ ብዕሩን ብሰጣቸው መለሱልኝ። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉልሻል፤ እባክሽ አንሺው። ዘርሽን እስከ ሰባት ቤት ራሳቸው ሊቆጥሩልሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ለላሟ ሣር ሲያቀርቡ ብቻቸውን ሲለማመዱ እሰማቸዋለሁ፤ አምስተኛው ላይ ይደናቀፋሉ። አታርሚያቸው፤ ዝም ብለሽ ጠብቂያቸው።

ታናሽሽ
ትንሣኤ ትእዛዙ ተስፋው ኪሮስ፣
ካሤ ያሳደጉን

ሰቆጣ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.