የጎመን ብብት

መስከረም 14
ምራቴ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ዘር ስትዘራ ዋለች። የብራሰልስ ጎመን ይሉታል አለችኝ... አንድ ግንድ ላይ፣ በየቅጠሉ ብብት ሎሚ የሚያካክሉ ጥቅል ጎመኖች ያወጣል። «ሙሽሪት፣ ብቻ ጫጩት እንዳይፈለፈልብሽ» አልኳት። ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እኔ አሁንም ሙሽሪት ነው የምላት። አልሳቀችም። ይቺን ልጅ አንድ ቀን ሳላስቃት አልሞትም።

ጥቅምት 9
ችግኙ ደርሷል። አጠገቡ የተራው ጎመን ችግኝ አለ። ሁለቱ ቁርጥ መንትያ፤ የሚለያቸው ስማቸው የተጻፈበት ስንጥር ብቻ ነው። ስንጥሮቹን ቀያየርኳቸው። ነገ ስትደናገር እነግራትና እንስቃለን።

ጥቅምት 10
ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ዋልኩ። ስመለስ ተክላ ጨርሳለች። «ጎመኑን» በሙሉ ለጎረቤታችን ለጡረተኛው ሹፌር ሰጥታዋለች... አንድ ዓይኑ ስለሚርገበገብ «ፍሬቻ» ለምለው። እውነተኛውን የብራሰልስ ጎመን ሰጠች ማለት ነው።
ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አባባ፣ ዘሩ እኮ የእናቴ ነው። ከመሞቷ በፊት በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ፣ የመጨረሻው።»
አፌን ዘጋሁ። ለምን ዘጋሁ?

ኅዳር 27
አልተናገርኩም። ፍሬቻ ዘንድ በደህና እያደገ ነው፣ ፍሬ ሲይዝ ነግሬ አስደስታታለሁ እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

ጥር 18
ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለጠች ብብቱን ታያለች። ምነው ዘገየ ብላ ጠየቀችኝ። ብርድ ነው አልኳት... ይሄ እንኳን ቀልድ አይደለም።

የካቲት 6
ፍሬቻ በአጥር ጠራኝ። የሰጣችሁኝ ጎመን በሽተኛ ነው፣ ብብቱ ሁሉ እባጭ አወጣ ብሎ አማረረ። እባጩን እየለቀመ ለዶሮ ሰጥቶ፣ አልድን ሲለው ግንዱን ከነሥሩ ነቅሎታል። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ በሳቅሁ። ጥግ ላይ አንድ ግንድ ተርፏል። ከነአፈሩ ቆፍሬ በባልዲ ተሸክሜ መጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ።
ባልዲውን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳት።
«ቀልዱን እችለዋለሁ አባባ» አለች። «ብርድ ነው ያሉኝን ግን...» ሳትጨርስ ገባች።

ሚያዝያ 22
ግንዱ ቢጫ አበባ አወጣ። ለዘር ነው የተውነው፤ አንዲትም ጥቅል አልቀመስንም። ሙሽሪት ማለቱን ትቻለሁ። እሷም በአክብሮት ነው የምታናግረኝ... በአክብሮት ብቻ።

ሐምሌ 3
ከዚያ ግንድ የለቀመችውን ዘር ዛሬ ዘራችው። ስንጥሩን ከካርቶኑ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረችው። በማን ምክንያት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ውሃ ልታመጣ ስትገባ ሽቦውን ነካ አደረግኩት። ላላ ብሏል፤ በአንድ ጣት ይወልቃል።
ጠምዝዤ አጠበቅኩት።