ለክለባችን ፕሬዚዳንት፦ እሑድ ጎል እንዳይገባ ስለ መለመን

የተከበሩ የክለባችን ፕሬዚዳንት፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? እኔ ሳሌን ከሚያባብሰው የሲሚንቶ ብናኝ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ጉዳይ ቢሮዎ መጥቼ ላስረዳ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለሚነገረኝ፣ የስብሰባዎን ሰላም ላለማወክ ስል በጋዜጣ መጻፉን መርጫለሁ። ጋዜጣ ማንበብ የጀመርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ልጄ የስፖርቱን ገጽ እየዘረጋ ፊደል አስቆጠረኝ። ከዚያ በፊት የእርስዎን ንግግር ሰው እያነበበልኝ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይበልጥ አምንዎት ነበር።

ምናልባት ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በፀሐይ በኩል ካለው ትሪቡን ሥር፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከክለቡ ተከራይቼ ባንዲራና ማልያ የምሰፋ ሴት ነኝ። የክፍሌ ጣሪያ ደጋፊው የሚቀመጥበት ደረጃ ነው። ስለዚህ ክለባችን ጎል ሲያገባ ሌላው ሰው በዓይኑ ያያል፤ እኔ በአናቴ እሰማለሁ።

ይህን ጋዜጣ የሚያነብ የሌላ ክለብ ሰው ቢኖር እንዲገባው አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ደጋፊ ጎል ሲገባ እንደ ሌላው በቆመበት አይዘልም። ከላይኛው ደረጃ ጀምሮ ሁሉም ተያይዞ ወደ ታች ወደ አጥሩ ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስም ባንድነት ደረጃውን ይረግጣል። «ጎርፍ» ይሉታል። የጀመረው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሌላ ክለብ ግን የለውም፤ እኛም እንኮራበታለን። ጎርፉን የሚለቀው ከላይ ቆሞ እጁን የሚያነሣው መሪያቸው ሲሆን፣ መሪያቸውም ልጄ ነው። አንድ ልጄ ነው፤ ሌላ የለኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ ቢሮ ሰው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ባለፉት ዓመታት ስላስፈረሙልን አጥቂዎች አመሰግንዎታለሁ። አንዱ ጉልበቱን ሐኪም ቤት ትቶልን የመጣ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ከኳሱ ይልቅ ከዳኛው ጋር ሲጫወት ዓመቱን ጨረሰ። ሌላውን አየር ማረፊያ ድረስ ሄደን በአበባ ከተቀበልነው በኋላ ሜዳ ላይ የት እንደገባ አጣነው። ያን ጊዜ ደጋፊው «ገንዘባችን ገደል ገባ» እያለ ሲሳደብ፣ እኔም የእርስዎ ውለታ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል። ጎል ስላልነበረ ጎርፍ አልነበረም፤ ጎርፍ ስላልነበረም ጣሪያዬ ከነስንጥቁ ቆየልኝ። ሰው ሁሉ የረገማቸው እነዚያ ምስኪኖች ትሪቡኑን በትከሻቸው ይዘውት ኖረዋል።

2ኛ. ስለ አዲሱ አጥቂ። ደጋፊው በየትኬቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ለትሪቡኑ መደገፊያ ብረት መግዣ ገንዘብ ሲያዋጣ መክረሙን እርስዎም አይዘነጉትም። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ስለዚሁ ብረት ተጠይቀው «ብረት ጎል አያገባም!» ብለው ሲመልሱ አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ልጄ ወንበር ላይ ወጥቶ ነው ያጨበጨበው። በዚያው ቀን የብረቱ ገንዘብ የአጥቂው የፊርማ ገንዘብ ሆነ። ግዢው አይታማም። አጥቂው በግራ ያገባል፣ በቀኝ ያገባል፣ በጭንቅላቱ ያገባል፤ አንድ ጊዜማ ዞር ብሎ ከዳኛው ጋር ሲከራከር በጀርባው አግብቷል። እውነትዎን ነው፣ ብረት ጎል አያገባም። የብረቱ ሥራ ጎል ሲገባ የሚሮጠውን ሰው መሸከም ብቻ ነበር።

3ኛ. የአጥቂው ደመወዝ ሲከብድዎ ግብ ጠባቂውን ሸጡት። በዚህም ጥበብዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ያ ሰው በበሩ ላይ ሳለ አንዲት ጎል ካገባን ጨዋታው አለቀ ማለት ነበር፤ ሁላችንም አንድ ጊዜ ተደስተን ወደየቤታችን እንገባለን። አሁን በበሩ ላይ የቆመው ወጣት ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ስለሚጨፍን፣ ለማሸነፍ ሦስትና አራት ማግባት ግድ ሆኖብናል። አንድ ጎርፍ ይበቃን የነበረው ሰዎች በየጨዋታው አራት ጎርፍ አገኘን። ደጋፊው «እንዲህ ያለ ደስታ አይተን አናውቅም» ይላል። እኔም አልሰማሁም፤ ከሥር።

ባለፈው በሜዳችን አራት ለሦስት ስናሸንፍ፣ በሦስተኛው ጎል ላይ ዳቦ የሚያህል የሲሚንቶ ቁራጭ ከጣሪያው ተገንጥሎ ስፌት መኪናዬ ላይ ወደቀ። እኔ ደጅ ነበርኩ። የክፍሌ በር አልዘጋ ካለ ሰንብቷልና አንድ አናጢ መጥቶ እያስተካከለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቆይቶ «እናቴ፣ በሩስ ምንም አልሆነ፤ ቤቱ ነው ወደ ታች እየተጫነብዎት» ብሎኝ ሳይጨርስ ነው የወደቀው። አናጢው መጋዙን አንሥቶ ሄደ፤ የድካሙን ዋጋ እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ለክለቡ ጸሐፊ ወሰድኩላቸው። ጸሐፊውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አይዞዎት እናቴ፣ ስታዲየሙም ደስ ብሎት ነው፤ ሲስቅ ጥርሱ ወልቆ ነው!» አሉኝ። በቢሮው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቢሮ ሲስቅ አብሮ መሳቅ ደግ ነው። ቁራጩ አሁን ወረቀታቸው በነፋስ እንዳይበር ጠረጴዛቸው ላይ ተጭኖላቸዋል። ለክለቡ ጥቅም በመዋሉ ደስ ብሎኛል።

4ኛ. ስለ መሐንዲሱ። ከማዘጋጃ ቤት የተላከው መሐንዲስ ክፍሌ ድረስ ገብቶ ዋናውን ምሰሶ መረመረ። ስንጥቁ ውስጥ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ እጁ እስከ አንጓው ገባ። ወንበር ብሰጠው አልቀመጥም ብሎ በር ላይ ቆሞ «ልጅ አለዎት?» አለኝ። ትሪቡኑ ላይ የሚውል ልጅ እንዳለኝ ስነግረው «እሑድ ሌላ ሥራ ይስጡት» ብሎ ሄደ። ትሪቡኑ ይዘጋ ብሎም ጻፈ። እርስዎ ለዚህ የሰጡትን መልስ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ራሴ አንብቤዋለሁ፦ መሐንዲሱ የተፎካካሪያችን ክለብ ደጋፊ ስለሆነ ሪፖርቱ ዋንጫውን ሊነጥቀን የታሰበ ሴራ ነው። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ስንጥቅን ሰው በልቡ በሚደግፈው ክለብ የለኩ እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ደጋፊዎቹ ለመሐንዲሱ መሳደቢያ ዘፈን አወጡለት፤ ዜማው አያስቀይምም።

እኔም ነገሩ ከነከነኝና መሐንዲሱን መንገድ ላይ ባገኘሁት ጊዜ እውነት የእነርሱ ሰው እንደሆነ ጠየቅሁት። «አዎ እናቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የእነርሱ ነኝ» አለኝ። ቀጥሎም «ዋንጫውን ውሰዱት፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ለቅሶውን ግን አትውሰዱት» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርሱ ጋር ቆሜ ያየኝ ደጋፊ ሁሉ «የእነርሱ ሰላይ» ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የዚህን ክለብ ባንዲራ ስሰፋ የኖርኩት ሴት፣ በስተርጅና ሰላይ ሆኜ አረፍኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ልጄ ነው፤ ይህንንም በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። እሑድ ትሪቡኑ ላይ አትውጣ ብዬ ለመንኩት። «እማዬ ደግሞ! ያ ሰውዬ ሸውዶሽ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ጠብቄ እጄን አጣጥፌ ልቁም?» አለኝ። እሺ ማዶ ሆነህ ደግፍ አልኩት። «ጎርፉን ማን ይልቀቀው? ሰው እኮ እጄን ነው የሚያየው» አለኝ። ስንጥቁን ወስጄ አሳየሁት። አየውና በጣቱ ዳሰሰው። ሲዳስሰው ሳይ ልቤ ተስፋ አድርጎ ነበር። ወዲያው ግን «ፕሬዚዳንቱ ችግር የለም ብለዋል» አለኝ። አጥብቼው ያሳደግሁት ልጅ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ልጅ፣ ከእኔ ቃል የእርስዎን ቃል አስበለጠ። ስለዚህ ልጄ አሁን በእኔ እጅ አይደለም ያለው፤ በእርስዎ እጅ ነው።

5ኛ. ጋዜጦቹ እሑድ ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ እንደሆነ፣ አቻ ከወጣን ግን ለተፎካካሪያችን እንደሚሆን ይጽፋሉ፤ የማሸነፍ ዕድላችንም ሰፊ ነው ይላሉ። እርስዎም ለዚህ ታላቅ ቀን በትሪቡኑ ላይ ካለው ቦታ በላይ ትኬት እንዲሸጥ አዝዘዋል። ገቢውም የአጥቂውን ውል ለማራዘም እንደሚውል ሰምቻለሁ። በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ እኔንም አስታውሰው ሥራ ሰጥተውኛል፤ «ዋንጫው ቤቱ ገባ» የሚል ትልቅ ጨርቅ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ልኩን ያመጡልኝ ሰዎች የለኩት ዋናውን ምሰሶ በውጭ በኩል ከላይ እስከ ታች ነው፤ ጨርቁ ሲሰቀል ስንጥቁ አይታይም። ሰፍቼዋለሁ፣ አስረክቤዋለሁም። ስለ ጨርቁ ሐሳብ አይግባዎ፤ ድርብ ስፌት ነው። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ጨርቁ ይተርፋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ክለብ ሲሸነፍ ምሳ አልበላ ብዬ የዋልኩባቸውን ቀናት ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። እንዲህ ያለሁት ሴት ሰሞኑን ማለዳ እየተነሣሁ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ እንዲያልቅ እለምናለሁ። አጥቂውን ሰውነቱን ሳይሆን ጫማውን እንዲያመው፣ የማዕዘን ምቱ ሁሉ ወደ ሰማይ እንዲሄድ፣ ያ ዓይኑን የሚጨፍነው ወጣትም ያንን ቀን ብቻ ዓይኑን እንዲገልጥ እለምናለሁ። ደግሞም እፈራለሁ፤ አጥቂው ያገባልና። ጎል ገብቶ ልጄ እጁን ሲያነሣ ይታየኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልችልም።

ከእርስዎ የምጠይቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ትሪቡኑ ተዘግቷል»። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግዎትም፤ ቀለም አልደረቀም ቢሉ ይበቃል። ደጋፊው ያጉረመርማል፣ እርስዎን ይሰድባል፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ምርጫ ወንበርዎን ያጣሉ። እኔ ግን ከወንበርዎ የሚከብድ ነገር ከአናቴ በላይ ስላለ ነው የምለምንዎ። ልጄ ከእኔ አፍ የማያምነውን ከእርስዎ አፍ ያምናል።

ፈጣሪ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእኛም ቢያንስ እስከ ሰኞ የሚደርስ ይስጠን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከበታችዎ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ሰው በታች ሆኜ እጅ የምነሣ፣

ከትሪቡኑ ሥር የምትሰፋው ሴት

ግልባጭ፦
ለደጋፊዎች ማኅበር፣
ትኬት ለገዛ እናት አባት ሁሉ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ክለቡ የቀጠረው ቀለም ቀቢ ብሩሹን የሚጠርግበት ቁራጭ ጨርቅ ሊጠይቀኝ ገባ። ስንጥቁን እንዲደፍን ታዝዞ ሲቀባ ቢውልም ቀለሙን እየጠጣ አልሞላ እንዳለው አጫወተኝ። ለሥራውም በገንዘብ ፋንታ የእሑድ ትኬት ተሰጥቶታል፤ ያውም ከቀባው ስንጥቅ በላይ ባለው ቦታ። «ለጠላቴ እሰጠዋለሁ» አለና ሳቀ። ከዚያም ሳቁን ትቶ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ይህን ያህል የሚያስጠላኝ ሰው የለኝም» ብሎ ትኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎት ወጣ። እኔም ለማን ልስጠው ብዬ ብዙ አሰብሁ። እርስዎ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ማዶ በጥላው በኩል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ልጄ ችግር የለም የሚለውን ቃል ከእርስዎ ሰምቶ ስለሚወጣ፣ ከጎኑ ሆነው ቢያዩት መልካም ነው። ትኬቱን ለቢሮዎ ልኬዋለሁ። እጁን ሲያነሣ አብረው ይሩጡ።