የእናቴ የክርስትና ስም

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫፣ እንፍራንዝ

ለካንሰር ሕሙማን እርዳታ ለማሰባሰብ ዛሬ ጧት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በብስክሌት ተነሣን። ጠዳ ላይ ውኃ ስንጠጣ አንድ ቄስ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ስለቱ ስለ ማን ነው?» አሉኝ።

«ስለት እንኳ አይደለም፣ አባ። ለካንሰር ሕሙማን እርዳታ ልናሰባስብ ነው፤ እናቴንም ይሄው በሽታ ይዟታል።»

«የክርስትና ስሟን ንገረኝ፤ በጸሎት ላስባት።»

አላውቀውም! ዕድሜዬን ሙሉ እማዬ ብቻ ስላት ኖሬ።

እዚህ እንደ ደረስሁ ደወልሁላት።

«ምነው? የክርስትና ስም ለፍትሐት አይደል የሚጠየቅ? ገና አልሞትሁም!» ብላ ሣቀች። «ስትመለስ እነግርሃለሁ።»

ወለተ ማርያም ትሆን? አመተ ሥላሴ? ስሙን ስገምት ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከታመመች ወዲህ «ካለሁ» ሳትል የቀጠረችኝ ዛሬ ገና ነው።