ነጩን ዱቄት ያጠብኩት እኔ ነኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት
ደብተሬ፣ የአሁኑን እመኚኝ። ባለፈው ብልቃጥ ሰብሬ ነፋስ ጣለው ብያለሁ፣ ላንቺም ዋሽቼ ጽፌአለሁ። አሁን ግን እውነቴን ነው።

ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ትንንሾቹን ብልቃጦች፣ ግርጌያቸው ነጭ ዱቄት ያለባቸውን ያዝኩ። የላብራቶሪው ሰውዬ ጋሼ ደምሴ ጮኸብኝ። ቆሽሸዋል ብዬ ነው አልኩት። ዱቄቱ መድኃኒት ነው ለካ! ደም ከሰው ከወጣ በኋላም ስኳሩን እየበላ ላክቴት የሚባል አሲድ ይሠራል። ዱቄቱ ነው የሚያስቆመው። ከሌለ የላክቴቱ ቁጥር ዝም ብሎ ይጨምራል። አንቺ ልጅ፣ ጨው ቢሰጡሽም ታጥቢያለሽ ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ሳምንትም አጥቤአለሁ። የእማዬ ደም የገባው እኔ ባጠብኩት ነው።

ያው ቀን፣ 7 ሰዓት
እማዬ ስኳር አለባት፣ እዚሁ ተኝታለች። የምትውጠው ክኒን አንዳንዱ ሰው ላይ ላክቴት ያበዛል ተብሎ ነው ዶ/ሩ ያስለካው። ደሟ የተቀዳ ቀን መብራት ጠፋ። ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ጋሼ ደምሴ ዱቄት አለው፣ አይበላሽም አለ። መብራት ሲመጣ በማሽን አሽከረከረው፣ ኬሚካል ጨመረበት፣ በብርሃን መለኪያው አነበበ። ትልቅ ቁጥር። ዶ/ሩ ክኒኑን ወዲያው ከለከላት። በክኒኑ ምትክ የሚሰጣት የመርፌ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ ብሎ ለክትባት ዘመቻ ምዕራብ ዓባያ ሄደ።

ረቡዕ 5
ክኒኑ ከቀረባት ወዲህ ውሃ ውሃ ትላለች። በጋሞኛ። ጆጉን ጨርሳ ደግሞ ትለምናለች። ትሸናለች፣ ትጠጣለች።
ልናገር ብዬ ተነሳሁ። ግን አምና የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰውዬ ስብሰባ ላይ መድኃኒት አበላሽቷል፣ አሻጥረኛ ነው አሉት። ወሰዱት። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች። ቁጭ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ 7
ለጋሼ ደምሴ ነገርኩት! አላመነኝም። ያጠብሽው ማክሰኞ ያየሁሽን ብቻ ነው፣ እናትሽ ክኒኗን ስለተከለከለች ነው ይህን የምታወሪው። ደግሞ ነፋስ አጠበው በይ፣ አለኝ። ዱቄቱ ባለበት ብልቃጥ እንደገና ቅዳላት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ኬሚካሉ ጥቂት ነው፣ ያለ ዶ/ሩ ትእዛዝ አልነካም አለኝ።
እግዚአብሔር ሆይ። ጸሎት ቤታችንም ተዘግቷል፣ ወዴት ሄጄ ላልቅስ።

ቅዳሜ 8፣ 9 ሰዓት
እማዬ ዛሬ አላወቀችኝም። በሞተች እህቷ ስም ጠራችኝ። ሮጬ ቴሌ መጣሁ።

ምዕራብ ዓባያ ጤ/ጣቢያ በስልክ ተገኘ። ዶ/ሩ ገጠር ወጥቷል፣ ማታ ይመለሳል። ስልኩን ያነሳው ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ነው። ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ዱቄቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያ ቁጥር የእማዬ አይደለም፣ እንደገና ይለካ፣ መልስ ይስጡን ብለህ ጻፍ አልኩት። እህቴ፣ ስልክ ላይ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ? አለኝ ቀስ ብሎ። ኦፕሬተሯ ቀና ብላ አየችኝ። አውቃለሁ አልኩ።

ጽፎ አነበበልኝ። ልክ ነው።

ቴሌ በር ላይ ተቀምጫለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ ዘቅዝቃለች። ዶ/ሩ ከዘገየ ሰው ልከህ አስጠራው ብዬ ለድሬሰሩ ነግሬዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ከዚህ አልነሳም በለው ብዬዋለሁ፣ ሳይመሽ ይደውሉልኝ፣ እባክህ ሳይመሽ