አባባ ከብርጭቆ ሲጠጡ

ጥቅምት 3
አንሶላ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። የባሌ አባት ናቸው። ስትሮክ መትቶ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ውሃውም ሻዩም በስትሮ ሆኗል። ጥሩ ነው... አይፈስም። አቀብልና ዞር እላለሁ። እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው፣ በምራታቸው እጅ መጠጣት?

ባሌ ከመንገድ ደወለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከወጣ ሰነበተ። «ለስትሮክ ስትሮ ታዘዘ በያ!» አለ። ሳቅን።

ጥቅምት 5
ሻዩ ትን አላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። እስኪመለስላቸው ነፍሴ ወጣች።

ጥቅምት 6
ነርሷ ቤት ድረስ መጣች። ደረታቸውን አዳመጠች። ስትሮውን አየችና «ማን አዘዘ?» አለች። ማንም... እኔ ነኝ።

«በሱ ሲስቡ ውሃው ጉሮሯቸው ሳይዘጋጅ ይደርስባቸዋል። ሳንባ ከገባ አደጋ ነው። ለሌላ በሽተኛ ይሆን ይሆናል፣ ለሳቸው ግን ብርጭቆ ይሻላል። አገጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጥቂት ጥቂት። ሲውጡ እያየሽ።»

እያየሽ አለች። አባባ ሰሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጥቅምት 7
አልጠጡም።

ጥቅምት 8
ብርጭቆውን ሳስጠጋ ከንፈራቸውን ገጠሙ።
«አባባ፣ በሞቴ... አንዲት ጉንጭ።»
«ተዪኝ።»
ምላሳቸው ተሳስሯል፣ ይህቺ ቃል ግን ጥርት ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ «እማዬ» አሉኝ። ጥሙ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው? ስትሮውን ልመልስላቸው? ትንሽ ብቻ? እጄ ሄዶ ነበር... ቆራርጬ ጣልኩት።

ጥቅምት 9
ጮኽኩባቸው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጣራ ስር ስንኖር ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

«የሚያፍሩት እኔን ነው? ባዳ ነኝ?»

ውሃው ቀሚሴ ላይ ተደፋ። አለቀስኩ። ንፍጤን በእጅጌዬ ጠረግኩ... እሳቸው ፊት! ምን ነካኝ?

አባባ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ አገጫቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉ።

እንደገና ቀዳሁ። አንድ ጉንጭ። ዋጡ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ግማሹ በአገጫቸው ወረደ፣ በመዳፌ ጠረግኩላቸው። ፊታቸውን አላዞሩም። ሌላ ጉንጭ...

ጥቅምት 14
ነርሷ ደረታቸውን አዳምጣ «ጠርቷል» አለች። ተመስገን።

ጥቅምት 21
ባሌ ገባ። ከስቷል። እጁን ታጥቦ ብርጭቆውን ራሱ ያዘ። «ዛሬ እኔ ላጠጣ አባዬ።» ወጥ ቤት ነበርኩ። ከዚያ የአባባ ድምፅ፣ እየተጎተተ...

«አንተ አትችልበትም። ልጄን ጥራት።»

እህቱን የጠሩ መሰለው። ድምፁ ተሰበረ። «እሷማ ባሕር ማዶ ናት፣ አባዬ። ረሳኸው?»

«ምን ባሕር ማዶ ትለኛለህ? ወጥ ቤት ናት።»

እጄን አደረቅኩና ገባሁ።