ማዳም ደልማስ ዋና የተማሩበት በጋ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

ዛሬም ሙቀት። ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ አራት ዙኩኒ። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። በዚህ ወር ዙኩኒ ከየጓሮው ይተርፋል፤ መኪናውን ሳይቆልፍ የተወ ሰው እንኳ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ዙኩኒ ያገኛል። የባለፈውን ገና በልቼ አልጨረስኩም...

ዳቦ ቤት ደርሼ እስክመለስ ስምንት ጊዜ "ቦንዡር" አልኩ። በዚህች የፈረንሳይ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ። ከስምንቱ ግን የአንዳቸውንም የምሳ ጠረጴዛ አይቼ አላውቅም። ባሌ ኦዋን የሞተ ጊዜ ሁሉም ቀብር መጡ። እጄን ጨብጠው ወደየቤታቸው ገቡ።

ወንድሜ ከአየርላንድ ደወለ።

"ቤቱን ለደላላ ሰጠሽው?"

"በዚህ ሳምንት።"

"ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለሽኛል።"

እውነቱን ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ደላላው መጣ። ክፍሎቹን ለካ፣ ጣሪያውን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ክረምት ሳይገባ ይሸጣል አለ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

እሱ እንደወጣ ማዳም ደልማስ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ጎረቤቴ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ምላሳቸው ምላጭ ነው።

"ሰውየው ምን ፈልጎ ነው?"

"ቤቱን ልሸጥ ነው፣ ማዳም። አገሬ ልገባ።"

ፎሶሊያቸውን መቅጠፍ ቀጠሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፦

"አገሬ የዋና አስተማሪ ነበርኩ ብለውኛል። እውነት ነው ወይስ ጉራ?"

"እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት።"

"እንግዲያው ሳይሄዱ ያስተምሩኝ።"

ቀልድ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁ... ቀልድ አልነበረም። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ "ሰው ሁሉ ለምን ካለ ማን ይዋኛል?" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

የመጀመሪያው ቀን። የከተማው መዋኛ ገንዳ ገና ሰው አልገባበትም። ትኬት ቆራጯ ዦዝያን የማዳም ደልማስ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት።

"ኡጌት! ተሳስተሽ ነው? ፋርማሲው በዚያ በኩል ነው እኮ!" አለቻቸው በስማቸው ጠርታ።

"አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ።"

የዋና ኮፍያቸው ቢጫ ጎማ፣ ዙሪያውን አበባ። ከሠርጋቸው በፊት የተገዛ ይመስላል። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት። አርባ ደቂቃ እንዲያው ተቀመጡ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

"ለዛሬ ይበቃል።"

የፈራ ልጅ ስንቱን አስተምሬያለሁ... ይሄ እንደዚያ አይደለም። ሌላ ነገር ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

እስከ ወገብ! ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሥጋ ሻጩ ቋሊማ እየጠቀለለልኝ፣ "ደልማስ ሰመጠች ወይስ ገና ነች?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ዛሬን መጻፍ አለብኝ።

በጀርባቸው እንዲንሳፈፉ ከሥር ደግፌ ይዣቸው ነበር። አንዱን እጄን ቀስ ብዬ ሳነሳ አንገቴን እንቅ አደረጉኝ።

"አትልቀቂኝ! አትልቀቂኝ አልኩሽ!"

አሥራ አንድ ዓመት "እርስዎ" ተባብለን... ሁለታችንም ሰማነው።

ኋላ ፎጣ ለብሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ።

"ወንድም ነበረኝ። ሬሚ። እሱ ዘጠኝ፣ እኔ ሰባት። ወንዙ ላይ፣ ከወፍጮው ታች። ጫማዬን ያዢልኝ አለኝ። እንዳይረጥብ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። መሐል ሆኖ እጁን አወዛወዘ... እየተጫወተ መሰለኝ። እኔም በጫማው አወዛወዝኩለት።"

ፎጣውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

"መስጠሙን የዘመኔ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማወዛወዜን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም።"

"ለእኔስ ለምን?"

"እርስዎ ሊሄዱ ነዋ። የሚሄድ ሰው ወሬውን ይዞ ይሄዳል።" ተነሡ። "ሐሙስ በሰዓቱ ይምጡ።"

ልቤን ወጋኝ። የወንድማቸው ነገር ነው ወይስ "ሊሄዱ ነዋ" የሚለው?

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

ውሃ ውስጥ "አንቺ"፣ ደረቅ ላይ "እርስዎ"። ይኸው ሆነ ሕጋችን።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ገዢ ተገኘ። ከቤልጅየም የመጡ ባልና ሚስት፣ የተባለውን ሊከፍሉ። ደላላው ስልክ ላይ ይፈነድቃል።

ማዳም ደልማስ ያለ ድጋፍ አምስት ሜትር ዋኙ! ዦዝያን ትኬቷን ጥላ መጥታ አጨበጨበች። ለወንድሜ ስደውል ስለ ገዢው መንገር ረሳሁ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

"ገንዳው ይበቃል" አሉኝ። ወንዙ ወረድን። ከወፍጮው ታች ውሃው በዚህ ወር ሰነፍ ነው፤ ቢሆንም አብሬ ልግባ አልኩ።

"እርስዎ እዚህ ይቁሙ።"

"ማዳም፣ ይሄ ገንዳ አይደለም..."

"ይቁሙ ብያለሁ።"

ገቡ። ያ ቢጫ ኮፍያ እየራቀ ሄደ። እኔ እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ ልወረወር ተዘጋጅቼ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ ነኝ፤ ግን ጥፍሬ መዳፌን በስቶታል። መሐል ያለው ድንጋይ ጋ ደርሰው ያዙት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ብዙ ቆዩ። ያወሩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ቀስ እያሉ ተመለሱ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉኝ።

ኦዋን ከታመመ ወዲህ ለሰው እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የሚፈሩለት ሰው ካለበት አገር ወዴት ነው የሚኬደው?

ሐሙስ፣ ኦገስት 22

ለደላላው ሽያጩ ይቅር አልኩት። ጮኸብኝ። ይጩህ። ወንድሜ ግን፣ "ታዲያ ለገና ስመጣ የት ነው የምተኛው?" አለ። አስለቀሰኝ።

በአጥሩ በኩል ነገርኳቸው።

"አልሸጥም፣ ማዳም።"

ባልዲያቸውን አስቀመጡ።

"ሆዴን ከፍቼልሽ እዚሁ ልትቀሪ ነው?"

"አዎ።"

"አታላይ!" ደረቅ መሬት ላይ እኮ ነው የቆምነው... "ሴፕቴምበር አንድ ልጄ ከቱሉዝ ትመጣለች። ምሳ እኩለ ቀን። እንዳታረፍጂ። ዙኩኒ ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ አላስገባሽም።"

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1

ኡጌት ጥንቸል በሰናፍጭ ሠርታ ጠበቀችኝ። ልጇ ሲልቪ ቁምሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ፎቶ አነሣች።

"እማዬ፣ ይሄ ማነው? አይቼው አላውቅም።"

"አጎትሽ ሬሚ።" ወንዙን ነገረቻት፣ ወፍጮውን ነገረቻት። ጫማው ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ንገሪያት።"

ነገርኳት። በዚህ ስብርብር ባለ ፈረንሳይኛዬ። ስሳሳት ኡጌት እንባዋን እየጠረገች ታርመኛለች። ሲልቪ ተነሥታ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ማንም አላሰበውም።

ከምሳ በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ ሳህኑን አጠብኩ። አንዳቸውም "ተይ፣ እንግዳ ነሽ" አላሉኝም።